ቀብዱን ትቶ የሄደ ቃለ አባይ አይደለም

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል አባባል ያወረሱን አባቶች ቃል በገንዘብ ሲተመን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። እኛ ግን ተምነነዋል። ሁለት ሰዎች ለቤት ሽያጭ ሲገናኙ ቃላቸው የሚጸናው ቀብድ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው፤ ቃሉ የሚፈርስበትም ዋጋ ያው ቀብዱ ነው። ገዢ ከውሉ ቢወጣ የከፈለውን ያጣል፤ ሻጭ ቢወጣ የተቀበለውን አጥፎ ይመልሳል። ይህን የሰማ ሁሉ «እንዴት ያለ ፍትሐዊ ሚዛን ነው!» ይላል። ዛሬ የምሟገተው ከዚህ አድናቆት ጋር ነው። ሚዛኑ የተስተካከለ የሚመስለው በሁለቱ ወገን የቆሙትን ሰዎች ሳናይ ስንቀር ነውና።

ሕጉን አልንቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ በሦስት አጫጭር አንቀጾች ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ መሆኑን አንቀጽ 1883 ይገልጻል፤ ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ እንዲመለስ ወይም እንዲታሰብ 1884 ያዛል፤ ከውሉ መውጣት የፈለገ ወገን የሚከፍለውን ደግሞ 1885 ይወስናል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሰጪው ይጣ፣ ተቀባዩ አጥፎ ይመልስ የሚለው መርሕም እ.ኤ.አ. በ1804 በወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ይገኛል። ዋጋ ብዙም በማይናወጥበት አገር እጥፍ መክፈል በእርግጥ የሚያስፈራ ቅጣት ነው። የቤት ዋጋ ውሉ ቀለሙ ሳይደርቅ በሚዘልበት ከተማ፣ በእኛይቱ አዲስ አበባ ግን፣ ነገሩ ተገልብጧል።

እንጀራዬ በቁጥር ነውና ስሌቱን ልሥራው። ሁለት ሰዎች አንድን ቤት በ6 ሚሊዮን ብር ተዋዋሉ እንበል፤ ገዢው 300 ሺህ ብር ቀብድ ከፈለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሰው 7 ሚሊዮን ብር ይዞ መጣ። ሻጩ እጥፉን፣ ማለትም 600 ሺህ ብር፣ ይመልሳል። ግማሹ የገዢው የራሱ ገንዘብ ስለሆነ ከሻጩ ኪስ የወጣው 300 ሺህ ብቻ ነው። በአዲሱ ሽያጭ 1 ሚሊዮን ብር ጨምሮ ስላገኘ፣ «ቅጣቱ» ተቀንሶ 700 ሺህ ብር ይተርፈዋል። የቀድሞው ገዢስ? 300 ሺህ ብር ተክሷል፤ ያንኑ የመሰለ ቤት ለመግዛት ግን 1 ሚሊዮን መጨመር አለበት። 700 ሺህ ብር ጎደለው። ለአንዱ የተረፈውና ለሌላው የጎደለው አንድ ዓይነት ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ። ቅጣት ማለት ይህ ከሆነ ሽልማት የሚባለው የቱ ነው?

ቃሉን ሲያስር አይተን ቀብድ ተቀብሎ፣
ዋጋ ጨመረና ፈታው እጥፍ ከፍሎ።

አሁን ወደ ገዢው እንለፍ። ገዢ ለምን ከውሉ ይወጣል? ስለጠገበ ነውን? ቤት ስለናቀ ነውን? በሥራዬ ምክንያት ለቀብድ የሚወጣ ገንዘብ ከምን እንደሚጠራቀም አያለሁ። የዓመታት የደመወዝ ቁጠባ አለበት፤ የዕቁብ ዕጣ አለበት፤ ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህት የላከችው አለበት። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ቀልዶ የሚጥል ሰው አላየሁም። ገዢ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ገጥሞት ነው።

ለምሳሌ ብድርን እንውሰድ። ባንክ የሚያበድረው ሻጭ በጠራው ዋጋ ሳይሆን የራሱ መሐንዲስ በገመተው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ገዢው ከየትም አምጥቶ ይሞላል፤ ካልሞላም ይወድቃል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ። ጣሪያው ኋላ ከፍ ቢደረግም፣ ከውሳኔው ቀደም ብሎ «ብድሩ ይደርስልኛል» ሲል ቀብድ የከፈለ ሰው በማያውቀው መመሪያ ውሉን ለመተው ሊገደድ ይችል ነበር። ይህ ሰው ምን አጠፋ? ቃሉን ያጠፈው እሱ ነው ወይስ ዘመኑ?

«ታዲያ አቅሙን ሳያውቅ ለምን ቀብድ ከፈለ?» የሚሉ አሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ ሌላ መንገድ ስላልተተወለት። የቤት መግዣ ብድር የሚጠይቅ ሰው የሚገዛውን ቤትና የሻጩን ስምምነት ይዞ መቅረብ አለበት፤ ሻጩ ደግሞ ቀብድ ካልጨበጠ አይስማማም፤ ደላላውም «ሌላ ገዢ ደጅ ቆሟል፣ ዛሬ ካልከፈልክ ነገ የለም» እያለ ያጣድፈዋል። ብድሩን ለማግኘት ቀብድ፣ ቀብዱን ላለማጣት ብድር! በዚህ አዙሪት ውስጥ የገባን ሰው «አስቦ አይገባም ነበር?» ብሎ መገሠጽ በድሃ ላይ መሣለቅ ነው።

«ሻጩስ ሌላ ገዢ መልሶ፣ ጊዜ አጥፍቶ የለም?» ለሚለው ክርክር ግን አክብሮት አለኝ። እውነት ነው፤ የከሰረው ጊዜ ሊካስ ይገባል። ነገር ግን የሁለት ወር መጉላላት የአንድ ቤተሰብን የአሥር ዓመት ጥሪት ያህል አያወጣም። ኪሳራን መካስ አንድ ነገር ነው፤ በሰው ውድቀት መክበር ሌላ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ የለብንም። ቁልፉ እዚያው አንቀጽ 1885 በር ላይ ተንጠልጥሏል። ሕጉ የሚጀምረው «ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር» በሚል መንፈስ ነው። ስለዚህ ሌላ ስምምነት ይኑር! ብድሩ ካልተፈቀደ፣ ወይም በቤቱ ላይ ዕዳና እግድ ከተገኘ ቀብዱ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ እንዲመለስ በውሉ ይጻፍ። ሻጩ ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ከውሉ መውጣት እንዳይችል፣ ከወጣም ከእጥፍ የሚበልጥ መቀጫ እንዲከፍል ይጻፍ። የተከፈለው ገንዘብ አንድም ሳይጎድል ይጻፍ፤ የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመሸሽ ዋጋንና ቀብድን አሳንሶ የሚጽፍ ገዢ በመከራ ቀን የሚከራከረው ባነሰው ቁጥር ነውና። አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዘዘውም ያለ ነገር አይደለም። በካፌ ጠረጴዛ ላይ፣ በደላላ ብዕር የተጫረ ወረቀት ቤት አያቆምም።

ሻጮች ይህን አንቀበልም ይሉ ይሆናል። ይበሉ! ብድር ካልተፈቀደ ቀብድ እመልሳለሁ ብሎ መፈረም የሚፈራ ሻጭ የሚሸጠው ቤቱን ብቻ እንዳልሆነ ቀድመን እናውቅለታለን፤ የገዢውንም መሰናከል በሒሳቡ አስገብቶታል።

ከሁሉ በፊት ግን አንደበታችንን እናርም። ቀብዱን አጥቶ አንገቱን ደፍቶ የወጣውን ሰው «ቃሉን በላ» እንላለን፤ እጥፍ ወርውሮ በትርፍ የሸሸውን ደግሞ «ብልጥ ነጋዴ» እናወድሳለን። ስድቡንም ምስጋናውንም አድራሻ አሳስተን ልከናልና እንመልሰው።