«ሶሻል ነሽ እኮ»

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ትራንስክሪፕቴን ገለጥ ገለጥ አደረገችና መለሰችልኝ። «የኔ እህት፣ ሶሻል ነሽ እኮ» አለች።

በቃ፣ መልሱ ይኸው ነበር። 31 ዓመቴ ነው። ዲግሪ አለኝ፤ ባንክ ቤት አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግብር ከፍያለሁ፤ እናቴን አሳክሜያለሁ። የኢንጂነሪንግ ትምህርት በር ላይ ስደርስ ግን እኔ ማለት በ16 ዓመቴ አንድ ቅጽ ላይ ያደረግኳት የራይት ምልክት ነኝ።

ያቺን ምልክት እንዴት እንዳደረግኳት ልንገራችሁ። በ2003 ዓ.ም. ነው፣ 11ኛ ክፍል ልገባ ስል። በዚያን ጊዜ አሥረኛ ክፍልን ስንጨርስ የፊዚክስ መምህራችን በዓመት ውስጥ ሦስቴ ተቀይሮብን ነበር። ሦስተኛው ከመምጣቱ በፊት ለሁለት ወር ያህል በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ መረብ ኳስ ነበር የምንጫወተው። ጓደኞቼ ሶሻል ገቡ፣ እኔም ገባሁ። አጎቴ «ሶሻል ገብተሽ አካውንቲንግ ካጠናሽ ባንክ አታጪም» አለ፤ እውነቱን ነው፣ አላጣሁም። ይህንን ነው እንግዲህ የሕይወት ዘመን ምርጫ የሚሉት።

እኛ አገር አንድ ሰው በትልቅነቱ ትምህርት ቀይሮ ሳይንስ ወይም ኢንጂነሪንግ ልማር ሲል ወሬው ሁሉ ስለ ዕድሜው ይሆናል። አክስቴ ስትሰማ ያለችኝን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ስትመረቂ እኮ 37 ይሞላሻል» አለችኝ። ባልማርም 37 ይሞላኛል። ስለዚህ የዕድሜውን ጨዋታ እንተወው። የምለው ሌላ ነው፦ የሚያግደን ዕድሜ አይደለም፣ ጭንቅላትም አይደለም። የሚያግደን በ16 ዓመት አንዴ ተዘግቶ፣ ከዚያ በኋላ ማንም የመክፈቻውን ቁልፍ ያልሠራለት በር ነው። ይህ በር ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሰው የሠራው ነው፤ ሰው ሊከፍተው ይችላል።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደፈለግኩት ልበል፤ «ስሜቴን ልከተል ብዬ» እንዳይመስላችሁ። ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ነበርኩ። ከከተማ ወጣ ብላ አንዲት ወፍጮ ቤት የከፈተች ደንበኛ ነበረችን። የወፍጮዋ ሞተር በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቴ ተቃጠለ። በተቃጠለ ቁጥር ታስጠቀልለዋለች፣ ሥራ ይቆማል፣ ክፍያ ይዘገያል፣ እኔ ቅጣቱን አሰላለሁ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ መያዣዋ ለሐራጅ ወጣ። ፋይሉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዓመት በኋላ አንድ ኤሌክትሪሽያን በአጋጣሚ ሲያወራ ሰማሁት፦ ስሪ ፌዝ ሞተር ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ሲጠፋበት በሁለቱ እየጎተተ ይግላል፣ መከላከያ ከሌለው ይቃጠላል። መከላከያው ሪሌ የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ከሞተሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የዚያች ሴትዮ ሞተር በዚህ ምክንያት ተቃጥሎ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔን የቆጨኝ ይኸው አለማወቄ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ወፍጮ፣ ስለ ውኃ ፓምፕ፣ ስለ ጄኔሬተር ብድር ስፈርም፣ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ አንድም ቀን አልገባኝም።

እሺ፣ ወደ በሩ እንመለስ። ሶሻል የገባ ተማሪ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ያቆማል፤ ሂሳብ ግን መማሩን ይቀጥላል። እንግዲህ በእኔና በኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዓመት መካከል ያለው ገደል ሲለካ ስንት ነው? የሁለት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ ሲደመር የዛገ ሂሳብ። በቃ ይኼው ነው። እኔ ግን የተነገረኝ «11ኛና 12ኛን በናቹራል እንደ አዲስ ተምረሽ፣ ፈተናውን ወስደሽ ነይ» ተብሎ ነው። ቀን ቀን፣ ከ17 ዓመት ልጆች ጋር፣ ዩኒፎርም ለብሼ ማለት ነው። ዲግሪ ላለውና ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ «አይቻልም» የሚለው ቃል የጨዋ አነጋገር ነው።

ይህንን ጉድጓድ መሙላት አይቻልም ለሚሉኝ፣ አገሪቱ ራሷ ሞልታ አሳይታለች እላለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ምን ተደረገ? ሬሜዲያል የሚባል ፕሮግራም ተዘረጋ፤ ማለፊያውን ያላመጡ ብዙ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት የማካካሻ ትምህርት ተማሩ፣ ተፈተኑ፣ ያለፉት ቀጠሉ። ጥሩ አደረጉ፣ አልቃወምም። ግን ለ18 ዓመት ልጅ የጎደለውን በወራት መሙላት ከተቻለ፣ ለ30 ዓመት ሰው፣ ያውም በራሱ ገንዘብ፣ በማታ፣ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ታሪኩ ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የወጣውን 70 በ30 የሚባለውን ምደባ ታስታውሳላችሁ? ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የተባለበት። አገሪቱ ኢንጂነር አጥብቃ ስለፈለገች ስንቱን ልጅ ያልመረጠው ዲፓርትመንት ውስጥ አስገባችው። ከእነሱ መካከል ዛሬ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሞባይል የሚሸጥ፣ እድል ቀንቶት ባንክ ቤት ከጎኔ ገንዘብ የሚቆጥር ሞልቷል። ከእንዲህ ዓይነቱ አንዱ ጋር አራት ዓመት አንድ ቢሮ ተቀምጫለሁ፤ እሱ አካውንቲንግ መማር ይፈልግ ነበር። አስቡት እንግዲህ፦ የማይፈልገውን በግድ አስገብቶ፣ የሚፈልገውን በር ላይ የሚመልስ ሥርዓት። እሱና እኔ ወንበር ብንለዋወጥ አገሪቱ ምን ታጣ ነበር?

«ለልጆቹ እንኳ ቦታ አልበቃ ብሎ» የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀላል መልስም አይደለም። ላቦራቶሪ ውድ ነው፣ መምህርም አይበቃም። ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ የተቆለፉትን ላቦራቶሪዎች ያየ ሰው የቦታ እጥረቱ የቀን እጥረት መሆኑ ይገባዋል። አካውንቲንግና ማኔጅመንት በማታ ለማስተማር ክፍል ጠፍቶ አያውቅም፤ በየኮሌጁ ደጃፍ የተሰቀለውን ባነር እዩት። ለመጻፍና ለመደመር ማታ ይበቃናል፣ ለመፍታትና ለመገጣጠም ሲሆን ግን ይመሻል።

ሁለተኛው መልስ «ጥራት ይወርዳል» የሚለው ነው። ለዚህ እኮ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ! የመንግሥትም ይሁን የግል ተቋም ተማሪ፣ ቀንም ይማር ማታ፣ ሳያልፍ ዲግሪውን አይዝም። መውጫው ላይ ጠንካራ ዘበኛ ካቆማችሁ፣ መግቢያው ላይ ለምን ግንብ ትገነባላችሁ? ልግባ፣ ካልቻልኩ ጣሉኝ። እኔ የምለምነው ማርክ አይደለም፤ የመውደቅ ዕድል እንኳ ተከልክያለሁ ነው የምለው።

ሌላ አገር እንዴት እንደሆነ በቅርብ የማውቀው ጓደኛዬ ስላለ ልናገር። እዚህ ሕግ ተመርቆ ነበር፣ እንደኔው ሶሻል። ቨርጂኒያ ሄደና ለዓመታት ኡበር ነዳ። በ36 ዓመቱ እዚያ ያለው አበሻ «ኖቫ» የሚለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባ። ሂሳብ ፈተኑትና ደረጃው የት እንደሆነ አዩ፤ ከዚያ ጀመረ። ከካልኩለስ በታች ካለው ማለት ነው። የሚያስፈልገውን ኮርስ እየከፈለ ጨርሶ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ አሁን ሜካኒካል ኢንጂነር ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ «11ኛ ክፍል ምን ነበርክ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ሰውየው ያው ነው፣ ጭንቅላቱም ያው፤ የተለወጠው በሩ ብቻ ነው። እንግሊዞች ደግሞ በ1969 ባቋቋሙት ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ያለ መግቢያ ውጤት አዋቂን ተቀብለው በርቀት ሳይንስ አስተምረዋል። እስራኤልም ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የጎደለውን የሚሞላ የመሰናዶ ዓመት አለ፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ወገኖች ልጆችም ይማሩበታል። ሀብታም አገር ስለሆኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። ማታ ክፍል መክፈትና ደረጃ መለያ ፈተና ማውጣት የሀብታም ነገር አይመስለኝም።

ስለ ጭንቅላትም ለሚጠራጠር፦ ሉዊ ደ ብሮይ በ1910 የተመረቀው በታሪክ ነው። ከዚያ ወደ ፊዚክስ ዞሮ በ1929 ኖቤል ወሰደ። እርግጥ የመኳንንት ልጅ ነበር፣ የእንጀራ ሐሳብ አልነበረበትም። ኤድዋርድ ዊተንም የመጀመሪያ ዲግሪው ታሪክ ነው፤ ኋላ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ይዞ በ1990 በሂሳብ ትልቁን ሽልማት፣ ፊልድስ ሜዳልን አገኘ። እኔ እንደነሱ ነኝ እያልኩ አይደለም፤ እባካችሁ። እኛ ጋ ቢሆኑ ኖሮ ሬጅስትራሯ ምን ትላቸው እንደነበር ግን አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ያሉትን ልነካ። «ፍላጎት ካለ መንገድ አለ» እያላችሁ ቲክቶክ ላይ የምትጮሁ፣ በሦስት ወር ኮዲንግ ተምራችሁ ዶላር ታፍሱ የምትሉ። በስልክ ኮዲንግ መማር ጥሩ ነው፣ ተማሩ። ግን ሰርተፊኬት በር አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያም በሦስት ወር ቪዲዮ አይጠገንም። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከባድ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ገዝቼ ስጀምር፣ ሳይንና ኮሳይንን ለመለየት ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ቬክተር ላይ አልቅሻለሁ። ከሥራ መጥቼ፣ ወጥ ሠርቼ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መጽሐፍ ስገልጥ ዓይኔ ይከደናል። ይህንን የሚደብቃችሁ ሰው ወዳጃችሁ አይደለም። ግን ከባድ ነገርና የተከለከለ ነገር ይለያያሉ። ከባዱን እኔ እችለዋለሁ፤ የተከለከለውን ግን ብቻዬን አልችለውም።

እስከዚያው እጄን አጣምሬ አልተቀመጥኩም። ማታ ማታ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ እየተማርኩ ነው፤ ሶሻል ነሽ ያላለኝ እሱ ብቻ ስለሆነ። ክፍላችን ውስጥ ትልቋ እኔ ነኝ፤ ልጆቹ «እትዬ» ይሉኛል፣ ብሽቅ እያልኩም ለምጄዋለሁ። ባለፈው ወር ሞተር ፈትተን ጥቅሉን አየሁት። ጠቁሯል። ያቺ ወፍጮ ቤት ትዝ አለችኝና ትንሽ ቆምኩ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕድሜና ዘርፍ የማይጠይቅ፣ ሰው ከፍሎ የሚማረው የማታ የሂሳብና የፊዚክስ ማካካሻ ይከፈት። ያንን ያለፈ ሰው፣ 11ኛ ክፍል የትም ይሁን የት፣ የሚቀመጥበት የመግቢያ ፈተና ይኑር። ላቦራቶሪዎቹም ሲመሽ መብራታቸው ይብራ። ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ይሁኑ እየተባለ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ ይህንን ለመጀመር የማንንም ትእዛዝ መጠበቅ ያለባቸው አይመስለኝም።

እናንተ ደግሞ፣ ባንክ ቤት፣ ሆቴል ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣችሁ «ናቹራል ገብቼ ቢሆን ኖሮ» የምትሉ፦ ዝም ብላችሁ አትቆጩ። አቅራቢያችሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሂዱና መማር እንደምትፈልጉ ተናገሩ። «አይቻልም» ሲሏችሁ አትከራከሩ፣ አትቆጡ። የትኛው መመሪያ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክል በጽሑፍ ስጡን በሉ። እኔ ጠይቄያለሁ። ሬጅስትራሯ ኃላፊዋን ጠራችው፣ ኃላፊው ፋይል አገላበጠ፣ ከዚያ «ሰኞ ተመለሺ» አለኝ። አምስት ሰኞ ሄጃለሁ። በሚቀጥለውም እሄዳለሁ።