ሙሌቱን ማን ጠየቀ?

ለምርጊት ጭቃ የሚያቦካ ሰው የጤፍ ጭድ የሚነሰንሰው ጭቃውን ለማብዛት ነው? አይደለም፤ ግድግዳው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። ታዲያ በኤሌክትሪክ መከላከያ ሬዚን ውስጥ የሚገባውን፣ ሙሌት የሚባለውን የማዕድን ዱቄት ስለምን እንደ ርካሽ ማብዣ ብቻ እንቆጥረዋለን?

በግዢ ሰነድ ላይ የሬዚኑን ስም «ኢፖክሲ» ብሎ ማለፍ ይበቃል? ለደረቅ ትራንስፎርመር በሚፈሰው ሬዚን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሲሊካ ዱቄት ነው። ትልቁን ድርሻ ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ ልንገዛ ነው?

ንጹሕ ኢፖክሲ ሲሞቅ ከመዳብ ሦስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሁለቱ ተጣብቀው ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ቢውሉ መሰንጠቁ ይገርማል? ሲሊካው ይህን ልዩነት ያጠብባል። የሬዚኑን ሙቀት የማስተላለፍ አቅምም በሜትር ኬልቪን ከ0.2 ዋት ገደማ ወደ 0.7 እና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል።

ይህ ሁሉ ግን በነጻ ይገኛል? እያንዳንዷ ቅንጣት ከሬዚኑ ጋር የምትገናኝበት ድንበር አላት። ዱቄቱ ሳይደርቅ ከገባ፣ ወይም ገጹ ከሬዚኑ ጋር በሚያጣብቀው ሲሌን ካልታሸ፣ እርጥበት መንገድ የሚያገኘው በዚያ ድንበር ነው። ውህዱ ሲፈስ አየሩ በደንብ ካልተመጠጠ ደግሞ ባዶ ኪሶች ይቀራሉ፤ በእነሱ ውስጥ ባለሙያዎች ፓርሻል ዲስቻርጅ የሚሉት ጥቃቅን ፍንጣቂ ዕለት ዕለት መከላከያውን ይበላዋል። ታዲያ አዲስና ደረቅ ናሙና ለጥቂት ደቂቃ ቮልቴጅ መቻሉ ምን ያረጋግጣል? ያው ናሙና ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላስ ማን ለካው?

«የትኛው ሙሌት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄስ ትክክል ነው? ውጭ ለሚሰቀል የሲሊኮን ኢንሱሌተር አሉሚና ትራይሃይድሬት ይመረጣል፤ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሞቅ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ውኃ ለቅቆ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቃጠለውን ገጽ ያቀዘቅዛል። በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ጋዝ በተሞላ መቀያየሪያ ውስጥ ግን ብልጭታው ጋዙን ሲበትነውና እርጥበት ሲጨመርበት ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይፈጠራል፤ እሱም ሲሊካን ይበላል። በዚያ ቦታ አሉሚና የሚገባው ለዚህ ነው። እንግዲህ ዕቃው የት እንደሚውል ሳይታወቅ ሙሌት ይመረጣል?

ጭቃ አቡኪው ጭዱን በእጁ ዳስሶ፣ አይቶ ይነሰንሳል። እኛስ የሙሌቱን ዓይነት፣ መጠን፣ ድርቀትና የገጽ ዝግጅት በሰነዳችን ላይ ካልጠየቅን፣ ዕቃው ሲሰነጠቅ ሬዚኑን የምንወቅሰው በምን አንደበት ነው?