ያሸገው ማነው?

ከማኅበራችን አባላት መካከል በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የሚጭነው እየበረከተ መምጣቱ የሚደገፍ ነው። ቴሌግራምና ሲግናል በነዚሁ ማሽኖች ላይ የሚገቡበት አሠራር ግን ግልጽ ሂስ ይገባዋል። አንዱ ጓድ ከየት እንዳገኘው ሳይናገር ፋይሉን በፍላሽ ያመጣል፤ ሌላው ከሱ ይቀዳል፤ ወር ሳይሞላ በመኖሪያ ሕንፃው ሁሉ ይዳረሳል። ማን አሸገው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአባላት ስም፣ የስብሰባ ውይይት፣ ከቤተሰብ ጋር የምንለዋወጠው ሁሉ ግን የሚያልፈው በዚያ ፋይል ነው።

አንዳንድ ጓዶች «ኮዱ ክፍት ከሆነ ምን ያሰጋል?» ይላሉ። ክፍት የሆነው ኮዱ ነው፤ ማሽናችን ላይ የሚሠራው ግን ከኮዱ ተገንብቶ የታሸገው ፓኬጅ ነው። በሁለቱ መካከል አሻጊው አለ። ኮዱን እንዳለ ሊገነባው ይችላል፤ ሌላ ነገር ሊጨምርበትም ይችላል።

ሌሎች ደግሞ «ከአምራቹ በቀር ማንም አያሽግ» ባዮች ናቸው። ይህ ወገን ማስረጃ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የዴቢያን አሻጊ የማስጠንቀቂያ መልእክት ለማስቀረት ሲል ከኦፕንኤስኤስኤል ኮድ ጥቂት መስመር አነሣ። በዚህ ሳቢያ ምስጢራዊ ቁልፎች የሚገመቱ ሆኑ፤ ለአንድ የማሽን ዓይነትና ለአንድ የቁልፍ መጠን 32,768 ያህል ቁልፎች ብቻ ቀሩ። ጉዳዩ ይፋ የሆነው በሜይ 2008 ነው። በ2016ም የሲግናል መሥራች ሞክሲ ማርሊንስፓይክ፣ ሊብረሲግናል የተባለው በሌሎች የተዘጋጀ ቅጂ የሲግናልን ስምና ሰርቨር መጠቀሙን በይፋ ተቃውሟል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ለአምራቹ ብቻ እጅ መስጠት የተሳሳተ አቋም ነው። የ2008ቱን ጉድለት ያገኘው ሉቺያኖ ቤሎ የዚያው የዴቢያን አባል ነበር። የትኛው መስመር፣ መቼ፣ በማን እንደተነሣ በመዝገብ ተጽፎ ስለነበር ምርመራው መነሻ አላጣም፤ ማረሚያውም በዚያው መንገድ ለሁሉም ተሠራጨ። በፍላሽ የሚዞረው ፋይል ቢበላሽ ማንን እንጠይቃለን? ማረሚያውስ በየት በኩል ይደርሰናል? በሕክምናው ዘንድ የምርት ቁጥር የሌለው ክኒን ለበሽተኛ አይሰጥም፤ መርዝ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ ችግር ቢመጣ ተከታትሎ መሰብሰብ ስለማይቻል ነው።

ደግሞም አምራቹ ሁሉንም አያዳርስም። ሲግናል ራሱ የሚያሽገው ለዴቢያንና ከሱ ለተወለዱት እንደ ኡቡንቱ ላሉት ነው፤ ፌዶራ የጫነ ጓድ የሌላ ወገን እሽግ መፈለጉ አይቀርም። ቴሌግራምን ደግሞ የዴቢያን ፈቃደኞች ከኮዱ ገንብተው በዴቢያን ማከማቻ አኑረውታል። (ኮዱ የተዘጋውን፣ እንደ ዲስኮርድ ያለውን፣ ሌላ ሰው ቢያሽገው ውስጡን ለማየት አይችልምና ከአምራቹ መውሰድ ይሻላል።)

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በፍላሽ መቀባበሉ ይቅር፤ ፓኬጁ ከስርዓቱ ከራሱ ማከማቻ ወይም ከአምራቹ ይወሰድ። ፍላትሃብን የሚጠቀሙ ጓዶች ከ2023 ጀምሮ የሚታየውን የማረጋገጫ ምልክት ይመልከቱ፤ ምልክቱ ከሌለ አሻጊው አምራቹ መሆኑ አልተረጋገጠም ማለት ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያጠኑት ጓዶቻችንም አንድ የመልእክት ፕሮግራም መርጠው ከዴቢያን አሻጊዎች ጋር መሥራት ይጀምሩ። ዴቢያን በፈቃደኞች የቆመ ስለሆነ ለዚህ የማንም ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።