ጄኔሬተሩ ይቅር፤ መስመሩ ይምጣ

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎችና የማኅበራችን አባላት፤

ባለፈው እሑድ ስብሰባ የእንጀራ መጋገሪያ ሼዳችን ጉዳይ ተነሥቶ፣ «መብራት እየጠፋ ስላስቸገረ በብድር የናፍጣ ጄኔሬተር ይገዛ» የሚል ሐሳብ መቅረቡና ብዙዎቻችሁ በጭብጨባ መደገፋችሁ ይታወሳል። እኔ አላጨበጨብኩም። ምክንያቴን እንዳልናገር «ሰዓት አልቋል» ስለተባልኩ፣ ይኸው በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ለመሆኑ ጄኔሬተሩ ምን ያህል እንደሚጠጣ ያሰላ ሰው አለ? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። በሼዱ አራት ምጣድ አለ፤ ሁሉም በሙሉ ኃይል ሲሠሩ 14 ኪሎዋት ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍጣ ደህና ጄኔሬተር ውስጥ ገብቶ ቢበዛ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው የሚወጣው። እስቲ አካፍሉት! በየሰዓቱ ወደ አምስት ሊትር ሊጠጋ ነው። ከናፍጣው ሙቀት ሁለት ሦስተኛው በጭስ ማውጫውና በሞተሩ አካል ይባክናል፤ የተረፈችውን ኤሌክትሪክ አድርገን፣ ኤሌክትሪኩን ደግሞ መልሰን እሳት ልናደርግ። እንዲህ ያለ ንግድ የት አገር አለ? ያውም የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ዋጋው የት እንደደረሰ እያየን!

ጄኔሬተር አይረባም አላልኩም። ለሥጋ ቤቱ ፍሪጅ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ለፀጉር አስተካካዩ መኪና ደግ ነው፤ የሚፈልጉት ትንሽ ነውና። እሳት ለሚፈልግ ሥራ ግን ናፍጣ በጄኔሬተር መንዳት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሶላር ይሁን ያሉትም ወጣቶች ይስሙኝ፤ ለአምፖልና ለስልክ ቻርጅ ግሩም ነው፣ ለአራት ምጣድ ግን የሼዱ ጣሪያ አይበቃም፤ ክረምቱንም አትርሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የጋጋሪ እናቶቻችን ትልቁ ችግር የመብራት መጥፋት ብቻ አይደለም፤ መድከሙ ነው። አመሻሹ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃውን ሲሰካ እንጀራው ዓይን አልባ ሆኖ ይወጣል። ሊጡ ነው ይባላል፣ እርሾው ነው ይባላል፣ ኧረ «ጤፉን ቀላቅለውበት ነው» ብለው እናቶቹን ያሙም አሉ! በሐሜት ደንበኛ ሸሽቷል። እኔ በሙያዬ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ አንድ ማታ መለኪያዬን ይዤ ገብቼ 220 መሆን የሚገባው ቮልት 180 ሆኖ አገኘሁት። ቮልት በዚህ መጠን ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በሲሶ ይቀንሳል። ያ እንጀራ ምን ዓይን ያውጣ?

ምክንያቱም የታወቀ ነው። አራቱም ምጣድ የተሰኩት ለመኖሪያ ቤት በተዘረጋ ባንድ ፌዝ ሽቦ ላይ ነው፤ አራቱ ሲሠሩ ከ60 አምፔር በላይ ይሳባል። ቆጣሪው ሥር ያለው መገናኛ እንደ ከሰል ጠቁሯል። እሳት እስኪነሣ ነው የምንጠብቀው? መፍትሔው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ነው፤ ጭነቱ ይከፋፈላል።

የሦስት ፌዙ ማመልከቻ ገብቶ ነበር። «ትራንስፎርመር የለም፣ ተመለሱ» ተባለ፤ ኮሚቴያችንም ተመለሰ፣ በዚያው ቀረ! ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እልል ብለናል፤ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። ነገር ግን የእኛ ጨለማ ያለው አባይ ዳር አይደለም፤ እዚሁ ማዕዘኑ ላይ ባለው ምሰሶና ከአቅሙ በላይ በተጫነው ትራንስፎርመር ላይ ነው። ስለዚህም መመላለስ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን አሥር ጊዜ። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየጊዜው እየጨመረ መሆኑን አልክድም። ቢጨምርም ከናፍጣው ጋር አይወዳደርም።

«መብራት እስኪመጣ በምን ይጋገር?» ላላችሁኝ፦ በሰጋቱራና በሦስት ጉልቻ እንመለስ የሚለውን አልቀበልም። በዚያ ጭስ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን የጎዱ እናቶች እዚሁ መካከላችን አሉ፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትንም ወገባቸውን አይተናል። ሁለት ምርጥ ምድጃ ግን ጭስ ማውጫ ተበጅቶላቸው ለመጠባበቂያ ይኑሩ። ከጉልቻ ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቆጥባሉ፤ ዋጋቸውም ከጄኔሬተሩ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። እስከዚያው ደግሞ ጋገራው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀመር፤ በዚያ ሰዓት መስመሩ ብርቱ ነው፣ ምጣዱም አንዴ ከሞቀ ሳይቀዘቅዝ ተከታትሎ ይጋገርበታል። ሌሊት መነሣቱ ቀላል ነው አልልም፤ እነሱ ይወስኑ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጄኔሬተሩ ብድር ሲፈረም ዋስ ሆነው የሚፈርሙት ስምንቱ ጋጋሪዎች ናቸው፤ ያጨበጨብነው እኛ አይደለንም። ናፍጣው ዋጋ ሲያጣላ ማሽኑ ቆሞ ይዝጋል፣ ዕዳው ግን አይቆምም። በስብሰባው ላይ ከእነርሱ የተጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም፤ ምነው?

በመጪው እሑድ ጉዳዩ እንደገና ይቅረብ። ለጄኔሬተሩ ቅድሚያ ክፍያ የተያዘው ገንዘብ ለመስመሩ ክፍያና ለገመድ ይዛወር፤ ማመልከቻውን ይዘው በየሳምንቱ የሚመላለሱ ሁለት ሰዎች ይመረጡ፣ አንደኛዋ ከጋጋሪዎቹ ትሁን። የሼዱን የውስጥ ዝርጋታ እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። መለኪያዬንም ይዤ እመጣለሁ፤ የተጠራጠረ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሼዱ በር ላይ ያግኘኝ።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ