ሐኪሙም ወደ ገጠር ይውጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱትን የአሜሪካ ወታደሮች የሚያክም ሐኪም በታጣበት ጊዜ፣ የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር የበላይ የነበሩት ጄኔራል ኦማር ብራድሌይ በ1946 (እ.ኤ.አ.) የአስተዳደሩ ሆስፒታሎች ከዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋር ተባብረው እንዲሠሩ አደረጉ። ፕሮፌሰሩ እያከመ ያስተምራል፤ ሠልጣኙ ሐኪም በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሙያውን ያዳብራል። ዘዴው ሠርቷል። ከአገሪቱ ሐኪሞች አብዛኞቹ ከሥልጠናቸው ከፊሉን ያገኙት በእነዚሁ ሆስፒታሎች ነው።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቶቹ ያሉት በከተማ ሲሆን፣ ከቀድሞዎቹ ወታደሮች ሩብ ያህሉ የሚኖሩት በገጠር ነው። በሞንታና ክፍለ ሀገር ለሚኖር አረጋዊ ከብት አርቢ የልብ ምርመራ ማለት የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ ሲወርድማ ቀጠሮው ይቀራል። በ2018 የወጣው ሕግ መንገድ የራቀበት ሰው በአቅራቢያው ባለ የግል ሐኪም እንዲታከም ፈቅዷል። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ፈቃዱ ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ ሠልጣኞች ጥቂት ወራት በገጠር ክሊኒክ እንዲሠሩ በስምምነቱ ውስጥ ግዴታ ሆኖ ሊገባ ይገባል። አስተማሪያቸውም አብሮ ይውጣ፤ ብቻውን የተላከ ሠልጣኝ ለበሽተኛውም ለራሱም አይበጅም። በቪዲዮ የሚደረገው ምርመራ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ያበጠ እግር ግን በእጅ መዳሰስን ይሻል። የማደሪያውንና የመጓጓዣውን ወጪ መሸፈን ያለበት የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ እንጂ ሠልጣኙ አይደለም።