አገር ወይስ አህጉር? የሆኪ ተጫዋች ማሊያ የማን ውሳኔ ነው?

በፈረንጆቹ መስከረም 2016 (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ቶሮንቶ ላይ በተካሄደው የበረዶ ሆኪ ዓለም ዋንጫ ከተሳተፉት ስምንት ቡድኖች ሁለቱ የማንም አገር አልነበሩም። «አውሮፓ» የተባለው ከስምንት አገሮች የተሰባሰበ ነበር። «ሰሜን አሜሪካ» በተባለው ደግሞ ዕድሜያቸው ከ23 ያልበለጠ ካናዳውያንና አሜሪካውያን ተሰለፉ። አዘጋጆቹ ኤንኤችኤል የተባለው የሰሜን አሜሪካ ሊግና የተጫዋቾቹ ማኅበር ናቸው፤ ውጤቱም ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የአገሮች ደረጃ አይቆጠርም። ይበልጡን ለትዕይንት በሚደረግ እንዲህ ያለ ውድድር ተጫዋቹ የሚሰለፍበትን ቡድን ማን ይወስን? ሁለት ጸሐፊዎች ተሟግተውበታል።

መስመሩን አዘጋጁ ያስምር

«ተጫዋች ላገሩ ይጫወት» ማለት ቀላል ነው፤ ጣጣው የሚመጣው «አገሩ የት ነው?» ሲባል ነው። ፒተር ስታስትኒ በ1976 ለቼኮዝሎቫኪያ፣ በ1984 ለካናዳ፣ በ1994ቱ የሊልሃመር ኦሎምፒክ ለስሎቫኪያ ተሰልፏል። ብሬት ኸል የተወለደው ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ ነው፤ በ1996ቱ ዓለም ዋንጫ ግን የእናቱን አገር የአሜሪካን ማሊያ ለብሶ ካናዳን ከረቱት አንዱ ሆነ። በረኛው ኦላፍ ኮልዚግ ከጀርመናውያን ወላጆች ጆሃንስበርግ ተወልዶ ካናዳ አደገ። ኤንኤችኤል ከ1998 እስከ 2002 የኮከቦቹን ጨዋታ «ሰሜን አሜሪካ» ከ«ዓለም» ጋር እያጋጠመ ሲያካሂድ፣ ኮልዚግ የቆመው በ«ዓለም» በኩል ነበር። የትውልድ ቦታ፣ የወላጅ ዘር፣ ያደጉበት ከተማና የያዙት ፓስፖርት ወደ አራት አቅጣጫ ሲጎትቱ፣ አንዱን መለኪያ መርጦ «ይህ ነው» የሚል አካል ያስፈልጋል። ያ አካል ጨዋታውን የጠራው አዘጋጅ ከመሆን የተሻለ አማራጭ አይታየኝም፤ ግዴታውም ሕጉን አስቀድሞ ማሳወቅና ለማንም ስም ሲል አለማጠፍ ነው። አዘጋጁ ትኬት ሻጭ ነው፣ ጥቅም አለው ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ግን የአገር አሰልጣኝም፣ የተጫዋቹ ወኪልም ጥቅም አላቸው፤ የአዘጋጁ ጥቅም ቢያንስ ከአንዱ ቡድን ማሸነፍ ጋር የታሰረ አይደለም።

የአዘጋጁ መስመር ምን እንዳፈራ ቶሮንቶ ላይ ታይቷል። አውሮፓ ከውድድሩ በፊት በኩቤክና በሞንትሪያል ባደረጋቸው የወዳጅነት ጨዋታዎች በሰሜን አሜሪካ ወጣቶች 4 ለ 0 እና 7 ለ 4 ተሸንፎ ነበር። ዋናው ውድድር ሲጀመር ያው ቡድን አሜሪካን 3 ለ 0፣ በግማሽ ፍጻሜው ስዊድንን በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ረትቶ ለፍጻሜ ደረሰ። በሁለተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ካናዳ 2 ለ 1 ያሸነፈችው ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው በገባ ግብ ነው። አምበሉ አንዜ ኮፒታር ስሎቬኒያዊ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገሩ ለብቻዋ እዚያ የመድረስ ዕድሏ ጠባብ ነበር። ወጣቶቹም ቢሆኑ በ19 ዓመቱ ኮነር ማክዴቪድ አምበልነት፣ ስዊድንን በናታን ማኪነን የጭማሪ ሰዓት ግብ 4 ለ 3 ያሸነፉበት ጨዋታ ከውድድሩ ሁሉ ደማቁ ነበር። በየካቲት 2025 በአራት አገሮች ብቻ የተካሄደውን ውድድር ደግሞ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ጀርመናዊው ሊዮን ድራይሳይትልና ቼካዊው ዳቪድ ፓስትርናክ ከዓለም ምርጦች መካከል ሆነው ሳለ፣ የአገራቸው ስም ስላልተጠራ ብቻ ተመልካች ሆነው ቀሩ።

ማሊያ መቀየር ክብር መቀነስ ነው የሚል አንባቢ ካለ ምሩጽ ይፍጠርን ያስታውስ። በአትሌቲክስ ዓለም ዋንጫ በ1977 ዱሰልዶርፍ፣ በ1979 ሞንትሪያል ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትሩን ያሸነፈው ለአፍሪካ ሮጦ ነው። ኢትዮጵያዊነቱ ቅንጣት አልጎደለበትም። ተጫዋቹ ራሱ ይምረጥ የሚለው ሐሳብ ግን ሲሰሙት ነጻነት ይመስላል እንጂ ወዴት እንደሚወስድ እናውቃለን። የኢትዮጵያና የኬንያ ልጆች በባሕሬንና በቱርክ ማሊያ መሮጣቸው ከበዛ በኋላ፣ የዓለም አትሌቲክስ በ2017 የዜግነት ዝውውርን እስከ ማገድ ደርሷል። ዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽንም ለአንድ አገር የተጫወተ ሰው ወደ ሌላው ሲዛወር በአዲሱ አገር ሊግ አራት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ዕድሉም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዋናው ውድድር ያልተሰጠ ነጻነት ለትዕይንት ጨዋታ ለምን ይሰጣል?

ያለውን በር አትዝጉበት

ባልደረባዬ ሕግ ያስፈልጋል ማለታቸው አያከራክረንም። የምንለያየው ሁለቱን ቡድኖች በአንድ ከረጢት በመክተታቸው ነው። ኮፒታርና ጓደኞቹ በዚያ ውድድር ተሳታፊ አገር አልነበራቸውም፤ ስለዚህ «አውሮፓ» ያልነበረ በር ከፈተላቸው። ማክዴቪድ ግን ካናዳ ነበረችው፣ ኦስተን ማቲውስም አሜሪካ ነበረችው። የ«ሰሜን አሜሪካ» ቡድን የተሠራው የነበረውን በር በመዝጋት ነው። አንዱ ስጦታ፣ ሌላው ቅሚያ ነው።

የሕጉ ሚዛን መዛባት በአንድ ጥንድ ስም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኤንኤችኤል አዳዲስ ተጫዋቾችን ለክለቦች በሚያከፋፍልበት የ2016 ምርጫ አንደኛ የወጣው ማቲውስ፣ ሁለተኛ የወጣው ፊንላንዳዊው ፓትሪክ ላይኔ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የ18 ዓመቱ ላይኔ የፊንላንድን ማሊያ ለብሶ ቶሮንቶ ገባ፤ ማቲውስ ግን ወጣት ነህ ተብሎ አገሩን እንዳይወክል ተከለከለ። የ20 ዓመቱ ድራይሳይትልም ከአንጋፋዎቹ ከነቻራና ከነሆሳ ጋር «አውሮፓ» ውስጥ ተሰልፏል፤ ዕድሜውን የጠየቀው የለም። «ለማንም ስም የማይታጠፍ» የተባለው ሕግ የታጠፈው በሁለት አገሮች ልጆች ላይ ብቻ ነው። አሜሪካ በዚያ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፋ ተሰናበተች። ማቲውስና ጃክ አይክል ቢኖሩ ታሸንፍ ነበር አልልም፤ ያንን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። አሰልጣኙ ግን እነዚህን ልጆች ለመምረጥም ሆነ ለመተው ዕድል እንኳ አልተሰጠውም።

«የትዕይንት ጨዋታ ነው፣ ምን ያህል ይጎዳል?» የሚለው መከራከሪያ የሚፈርሰው በማክዴቪድ የኋላ ታሪክ ነው። ኤንኤችኤል በ2018ም በ2022ም ተጫዋቾቹን ወደ ኦሎምፒክ አልላከም። በዚህ ምክንያት የትውልዱ ምርጥ የሚባለው ሰው፣ ምርጦች ሁሉ በሚገናኙበት መድረክ የካናዳን ዋና ቡድን ማሊያ ሳይለብስ እስከ የካቲት 2025 ቆየ። ያኔ 28 ዓመቱ ነበር፤ ቦስተን ላይ ካናዳ አሜሪካን 3 ለ 2 የረታችበትን የጭማሪ ሰዓት ግብም ያስቆጠረው እሱ ነው። የተሸነፈው ቡድን አምበል ደግሞ ማን ሆነ? ማቲውስ። በ19 ዓመታቸው በአንድ ማሊያ የታሰሩት ሁለቱ ሰዎች ምርጦች ሁሉ በሚገናኙበት መድረክ በየአገራቸው ማሊያ ሲፋለሙ ምን እንደሚመስል ለማየት ስምንት ዓመት ተኩል መጠበቅ ነበረብን። የአትሌት ዕድሜ አጭር ነው፤ አዘጋጁ «ሌላ ጊዜ ትጫወታለህ» ብሎ የሰጠው ተስፋ የራሱ አልነበረም።

የምሩጽ ይፍጠር ምሳሌ ወደ እኔ ያደላል። በ1977ቱ ውድድር አሜሪካ፣ ምሥራቅ ጀርመንና ምዕራብ ጀርመን በየስማቸው ቀርበዋል፤ የቀሩት የአውሮፓ አገሮች አትሌቶች በ«አውሮፓ» ሥር ሮጡ፤ አፍሪካም አንድ ቡድን ሆነች። ኢትዮጵያ ለብቻዋ ስላልተሳተፈች ምሩጽ ያጣው ማሊያ የለም። ከምሥራቅ ጀርመን ቡድን ግን «አንተ ከ23 አትበልጥምና ወደ አውሮፓ ተሻገር» ተብሎ የተወሰደ ሯጭ አልነበረም። የድራይሳይትል በ2025 መቅረትም እንዲሁ ነው። ያ ውድድር የጎደለው እንደ 2016ቱ «አውሮፓ» ያለ ተጨማሪ በር ነው፤ ማክዴቪድን ከካናዳ መንቀል ለድራይሳይትል ምንም አይጨምርለትም።

የዜግነት ገበያው ስጋትም ከጥያቄያችን ጋር አይገናኝም። እኔ የምለው ተጫዋቹ አስቀድሞ መብት ባለው አገር ይሰለፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ አዲስ ፓስፖርት ይግዛ ማለቴ አይደለም። የፌዴሬሽኑ የአራት ዓመት ሕግ አገሩን ትቶ መሄድ የሚፈልገውን ሰው ይገታል እንጂ መቆየት የሚፈልገውን አያስወጣም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይቀየር፦ አገሮቹ በመጀመሪያ ይምረጡ፤ ያልተመረጡት ወጣቶች ፈቃዳቸው ተጠይቆ በጋራ ቡድኑ ይሰለፉ፤ አገሩ መርጣው ሳለ ከእኩዮቹ ጋር መጫወትን የሚመርጥ ወጣት ካለም ፈርሞ ይሂድ። እንዲህ ከሆነ የወጣቶቹ ቡድን ይሳሳል፣ የስዊድኑን ዓይነት ጨዋታም ላናይ እንችላለን ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ይሳሳል። ያ ቡድን ያማረው ግን ከካናዳና ከአሜሪካ ቡድኖች በተነጠቁ ሰዎች ነው፤ ክፍያውን ደግሞ ከአዘጋጁ ይልቅ ተጫዋቾቹ ከፍለውታል።