ሁለቱም ገጽ ይነበብ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሃይማኖት ሲነሣ መልካሙ ብቻ ተነግሮ ክፉው እንዲታለፍ የሚሹ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ይገባናል፤ ማተብ ያሰረችውም ሂጃብ የለበሰችውም በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉና። እኛ ግን ሁለቱም ገጽ ይነበብ እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ አስጠጋቸው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ንባብ ያስተማሩን የቄስ ትምህርት ቤቶችና የቁርኣን ቤቶች ናቸው።

በሌላው ገጽ፣ ከ1529 ጀምሮ በኢማም አሕመድ ዘመቻ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገደዱ።

ልብ በሉ፤ ያስጠጋውም ያስገደደውም ንጉሥ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ «የማን ሃይማኖት ይሻላል?» ከማለት ይልቅ «ሥልጣን የያዘው ሰው በእምነቱ ስም ምን ሠራ?» ብለን እንጠይቅ።

ተማሪዎቻችን፣ የወገናችሁን ጥፋት ስታነቡ አትሽሹ፤ የጓደኛችሁን ወገን ደግነትም አትካዱ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ጥያቄ ይዞ ቤት ሲገባ በቁጣ አትመልሱት። ከእኛና ከእናንተ ያልሰማውን ታሪክ ነገ ቂም ካደረበት ሰው አፍ ይሰማዋል።